ኩሬዬ አረንጓዴ ሆነች፤ የጉድጓዱን ውሃም ፈራሁት

ባለሽንኩርቱ (ኮምቦልቻ ዳር)፦

ሰላም ጎበዝ። ከቦርከና ወንዝ ከፍ ብሎ አንድ ጥማድ መሬት አለችኝ፣ ሽንኩርት ነው የማለማው። ማሳው ግርጌ ላይ ጎርፍ የምታጠራቅም፣ በጂኦመምብሬን (ውሃ በማያሰርግ ላስቲክ) የተነጠፈች ኩሬ አለችኝ። ከሷ በፓምፕ ወደ ላይ እገፋለሁ።

መጋቢት ላይ ዩሪያ በተንኩ። በማግሥቱ ሌሊት በልጉ በዶፍ ወረደ። ቡና የመሰለ ጎርፍ ቦዩን ሞልቶ ኩሬዋ ገባ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መሰለ። በእንጨት ስገፋው ይጨማደድና ተመልሶ ይገጥማል። ጊደሯ አሽትታ ፊቷን አዞረች። ከሐይቅ አምጥቼ የለቀቅኳቸው ቆሮሶ ዓሦች ደግሞ ጎህ ሲቀድ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ያዛጋሉ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይጠፋሉ። ትናንት ሦስቱ ተንሳፈው አገኘኋቸው።

ይሄን ተዉት። ዋናው ጭንቀቴ ሌላ ነው። የቤታችን የእጅ ጉድጓድ ከኩሬዋ በታች ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ሽታም የለው። ግን የሁለት ወር ልጅ አለችኝ፣ የእናቷ ጡት ስላልበቃት የዱቄት ወተት በሱ ነው የምንበጠብጥላት። አፍልተን ነው የምንሰጣት። ይበቃል? በጠቅላላው ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ አንድ አንድ ኩንታል ነው የተጠቀምኩት፣ ብዙም አይደል።

ጡረተኛው (ደሴ)፦

ልጄ፣ «ብዙም አይደል» ያልካት ላይ ቆምኩ። ጥማድ የምትለው ሩብ ሄክታር ከሆነ፣ በሄክታር አራት ኩንታል ዩሪያ ማለት ነው! እኛ በልማት ሠራተኝነት ዘመናችን ለሽንኩርት የምንመክረው በሄክታር አንድ ኩንታል፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ነበር። ላንተ ከ25 እስከ 38 ኪሎ ይበቃህ ነበር። ከአንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው፤ ሽንኩርት ሥሩ አጭር ነው፣ ያን ሁሉ አይችለውም። የተረፈው ወዴት ይሄዳል?

ሁለቱ ማዳበሪያዎች መንገዳቸው ለየቅል ነው። ዩሪያው አፈር ውስጥ ናይትሬት ይሆንና ሟሙቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። የኤንፒኤሱ ፎስፈረስ ግን አፈሩን ሙጥኝ ስለሚል በጎርፍ ጊዜ በደለሉ ጀርባ ታዝሎ ይሄዳል። ስለዚህ ኩሬህንና ጉድጓድህን አንድ ችግር አድርገህ አትያቸው። ኩሬዋን ያበላሻት በዋናነት ደለሉ ነው። ጉድጓዱን ሊያበላሽ የሚችለው ደግሞ የማታየው ናይትሬት ነው።

አረንጓዴው አልጌ ነው፣ በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ያሉን፤ ደለሉ ያዘለው ፎስፈረስ ነው የመገበው። ቀን ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን እሱም ይተነፍሳል፤ የሞተውም ሲበሰብስ የቀረውን ይጨርሳል። ዓሦችህ ጎህ ሲቀድ የሚያዛጉት ለዚህ ነው፣ ከሌሊቱ ሁሉ የከፋችው ሰዓት እሷ ናት። እንደ ቀለም የሚንሳፈፈው ዓይነት መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ከብት እንዳታጠጣ። ጊደርህ አስተዋይ ናት።

ቦርከና እንኳ ፈሳሽ ነው፣ ክፉውንም ደጉንም ጠራርጎ በጨፋ ረግረግ በኩል ወደ አዋሽ ይወስደዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ዓሦችህን ያመጣህበት ሐይቅ ነው። ከአርድቦ ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባው ደለል እዚያው ቀረ ማለት ነው። ያንተም ኩሬ ትንሿ ሐይቅ ናት።

የኩሬሽ_ልጅ፦

ኧረ ተዉ እናንተ! ኮምቦልቻ ላይ የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ቀለም በስንቱ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲቀያየር እያየን፣ አንድ ጥማድ ያለውን ገበሬ ጥፋተኛ ታደርጉታላችሁ? ዩሪያ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ? ማን ሆን ብሎ ይደፋዋል?

ጡረተኛው (ደሴ)፦

በፍሳሹ ጉዳይ ካንተ ጋር ነኝ። ግን የዚህ ልጅ ኩሬ የምትሞላው ከራሱ ማሳ ነው፣ ከላዩ ፋብሪካ የለም። ስለ ዋጋው ያልከውን ደግሞ ገልብጠህ እየው፦ ያ አረንጓዴ ነገር ከኪሱ የወጣ ገንዘብ ነው።

ላቦራቶሪ_ነኝ፦

ወንድሜ፣ የልጅቷን ነገር አስቀድም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬት አያወጣም። ይባስ ብሎ ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ ናይትሬቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ውሃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ማከሚያም ቢሆን አይነካውም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ሆድ ውስጥ ናይትሬቱ ወደ ናይትራይት ይለወጥና ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከንፈሯ ወይም ጥፍሯ ከጠቆረ፣ ሰማያዊ ከመሰለ፣ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት!

ጥርት ማለቱ ምንም አይነግርህም፣ ናይትሬት ቀለምም ጣዕምም የለውም። ሳይለካ አለ ብዬም የለም ብዬም አልፈርድም። ንጹሕ ጠርሙስ በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ሦስቴ አለቅልቀህ ሙላው፣ በረዶ ውስጥ አድርገህ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ አድርስ። አንድ ጥያቄ፦ ሽንት ቤታችሁ ከጉድጓዱ ምን ያህል ይርቃል? ናይትሬት ከዚያም ይመጣል፣ ከበረትም ይመጣል።

ባለሽንኩርቱ፦

አላህ ይስጥልኝ እህቴ። ጋሼ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ፤ የኩንታሉ ነገር አሳፈረኝ። ጎረቤቴ እንዲያ ሲያደርግ አይቼ ነው። አሁንስ ኩሬዋን ምን ላድርጋት?

ሽንት ቤቱን ረግጬ ለካሁት፣ አሥራ ስምንት እርምጃ ነው።

ጡረተኛው (ደሴ)፦

ከማሳው ጠርዝ፣ ከኩሬዋ በላይ፣ ዴሾ ሣር በሁለት በሦስት ረድፍ ትከል። ደለሉን ይይዛል፣ ጊደሯም ትበላዋለች። ውሃው ኩሬዋ ከመግባቱ በፊት ወገብ የሚደርስ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ቆፍር፤ የተጠራቀመውን እየዛቅህ ወደ ማሳው መልስ። ዩሪያውን ለሁለት ከፍለህ፣ ከሥሩ ጣት ያህል ራቅ አድርገህ ቅበረው። ከላይ በትነህ አትተወው። ሰማዩ ከከበደ ደግሞ ያን ቀን ተወው።

ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ በላይ ነው ወይስ በታች?

ባለሽንኩርቱ፦

በላይ ነው ጋሼ።

ላቦራቶሪ_ነኝ፦

ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ነበር የሚባለው፣ ያውም በታች በኩል። ውጤቱ እስኪመጣ ለልጅቷ የቦኖ ውሃ አምጣላት።

ባለሽንኩርቱ፦

ዛሬ ሁለት ጀሪካን አምጥቻለሁ። ጠርሙሱን ሰኞ ጠዋት ደሴ አደርሳለሁ፣ ቁጥሩን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።