ከፊል የጉልበት ቅየራ ተደርጎ በዚያው ቀን ወደ ቤት መመለስ

የበኩር ልጅ (ሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ። የ69 ዓመቷ እናቴ ቀኝ ጉልበቷ የተጎዳው በውስጠኛው በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ሐኪሟ ሙሉውን መገጣጠሚያ ሳይነካ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ለመቀየር ለሚመጣው ወር ቀጠሮ ሰጥቷታል። ያስደነገጠን ጠዋት ገብታ ከሰዓት በኋላ ትወጣለች መባሉ ነው። እሷም «አጥንት ተሞርዶ፣ ብረት ተገጥሞ፣ በዚያው ቀን ሂጂ የሚሉኝ ገንዘብ ለመቆጠብ ካልሆነ ለምንድን ነው?» ትላለች። መኝታ ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔም ከሥራ መቅረት የምችለው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ያለችው መድን ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ነው። እንዲያሳድሯት አጥብቄ ልጠይቅ?

የቀዶ ሕክምና ነርስ

ገንዘቡ የለበትም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን በከፊል ቅየራ የሚነካው ከጉልበት ሦስት ክፍሎች አንዱ ብቻ ነው፤ መስቀለኛ ጅማቶቹ በቦታቸው ይቀራሉ፣ የሚፈሰውም ደም ከሙሉ ቅየራ ያነሰ ነው። ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ላይ ጭን አካባቢ የነርቭ ማደንዘዣ ስለሚታከልበት፣ ብዙዎቹ ታካሚዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆመው ይራመዳሉ። የምንሸኛቸውም ሰዓት ስለደረሰ ሳይሆን፣ በዎከር (በመራመጃ መደገፊያ) ተራምደው፣ ደረጃ ወጥተው ወርደው፣ ሽንታቸውን ሸንተው፣ የበሉት ረግቶላቸው፣ ሕመሙም በሚዋጥ መድኃኒት ሲታገስላቸው ነው። አንዱ ከጎደለ ያድራሉ። ስለዚህ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው ማደሪያ አልጋ መኖሩን ነው፤ ከሆስፒታል ተነጥሎ የቆመ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ከሆነ ላይኖረው ይችላል። የልብ ሕመም፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ወይም ያልተስተካከለ ስኳር ካለባቸው ግን እኔም ቢያድሩ እመርጣለሁ።

«አሳድሩልኝና ከዚያ ወደ ማገገሚያ ተቋም ይሂዱ» የሚል ሐሳብ ካለዎት፣ መደበኛው ሜዲኬር ለዚያ የሚከፍለው ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ለታከሙ በመሆኑ፣ አንድ ሌሊት ማደር አያስገኝልዎትም።

ባለ አዲሱ ጉልበት (ቨርጂኒያ)

እኔ ያለፈው ዓመት በዚያው ቀን ነው የወጣሁት። እንደ እኔ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ የመጀመሪያው ሌሊት አስታማሚ ብቻ አይደለም። ያን ምሽት ማደንዘዣው ስላልለቀቀኝ ምንም አልተሰማኝም፤ እንዲያውም በር ድረስ ሄጄ ጠያቂ ተቀበልኩ፣ ክኒኑንም «ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ» ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ እግሬን አንጠልጥዬ ቡና ስጠጣና ስጫወት ዋልኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉልበቴ ጭኔን አክሎ አብጦ ነቃሁ፤ ክኒኑ ማድ ቤት ነበር፣ እኔ ደግሞ ከአልጋው ጠርዝ ማለፍ አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ የመድኃኒቱን ሰዓት በወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው፣ ጠያቂውንም በስልክ አስቀረችው። ቅር ያላቸው ነበሩ፤ ይሁን። ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ያለሽ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሌሊት የሚይዝ ሰው ካሁኑ ፈልጊ። ደረጃ ላይ ሲወጡ ደህናውን፣ ሲወርዱ የተሠራውን እግር ማስቀደም ነው። የሕመም ክኒኑ ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻም አብሮ ይታዘዝላቸው።

የበኩር ልጅ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አልጋዋን ወደ ሳሎን አወርዳለሁ፤ እህቴም ከዴንቨር ለሳምንት ልትመጣ ተስማምታለች። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስግደቱስ?

የቀዶ ሕክምና ነርስ

ቁስሉ በደንብ ጠግጎ ሐኪማቸው ሲፈቅድ መንበርከክ ይችላሉ፤ ሰው ሠራሹ ጉልበት በመንበርከክ አይሰበርም። ብዙዎች ግን ጉልበታቸው ላይ ሲያርፉ ስለማይመቻቸው ወፍራም ትራስ ያነጥፋሉ። እስከዚያው ተቀምጠው ይጸልዩ። ባታቸው ቢያብጥና ቢያም፣ ትኩሳት ቢኖር ወይም ቁስሉ እርጥበት ማውጣቱን ባያቆም ለሐኪሙ ይደውሉ፤ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ግን ቀጥታ 911 ነው።