የወተት አሰባሰብ ሲስተማችንን ለኮሚቴው፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋ እና ለፕሮግራመሮች በየትኛው ዲያግራም ላስረዳ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች ወተት ለሚሰበስብ አንድ የአርሶ አደሮች ማኅበር የምዝገባና የክፍያ ሲስተም እየሠራን ነው። አሠራሩ ለአካባቢያችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ አርሶ አደሩ ጠዋት ወተቱን ወደ መሰብሰቢያው ያመጣል፣ ተቀባይዋ በላክቶሜትር (ወተቱ ውኃ እንደተቀላቀለበት በሚለይ መለኪያ) እና በአልኮል ትፈትሻለች፣ ሊትሩን በደብተር ትመዘግባለች፣ ክፍያው በየ15 ቀኑ ይፈጸማል። እኛ የምናደርገው ምዝገባውን ከደብተር ወደ ስልክ ማዛወር ነው፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ጠዋት መረጃው ስልኩ ላይ ቆይቶ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ወደ ሰርቨሩ (የሁሉም መረጃ ወደሚሰበሰብበት ኮምፒዩተር) ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ንድፉን ለማኅበሩ ኮሚቴ ሳቀርብ ትምህርት ቤት የለመድሁትን ክላስ ዲያግራም (የፕሮግራሙን ክፍሎችና ግንኙነታቸውን የሚያሳይ ሥዕል) ከሰርቨሩና ከዳታቤዙ (ከመረጃ ማከማቻው) ጋር አንድ ገጽ ላይ አጭቄ በፕሮጀክተር አሳየሁ። ሁሉም በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ ሰብሳቢው «ጥሩ ነው፣ በርቱ» አሉኝ። የአገራችንን ሰው ጨዋነት ለሚያውቅ ይህ ምስጋና አለመሆኑ ግልጽ ነው። ስንወጣ ግን አንድ አዛውንት የኮሚቴ አባል ጠጋ ብለው፣ ዳታቤዙን ለማመልከት የሣልሁትን ሲሊንደር በእጃቸው ቅርጽ እያሳዩ፣ «መካከል ላይ ያለው የወተት ጣሳ ለምን አንድ ብቻ ሆነ? የየመንደሩ ወተት ሊደባለቅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

አሁን ሦስት ስብሰባዎች ይጠብቁኛል፤ አንዱ እንደገና ከኮሚቴው ጋር፣ ሌላው ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጋር፣ ሦስተኛው አዲስ ከሚቀላቀሉን ሁለት ፕሮግራመሮች ጋር። አንዱን ዲያግራም እያቀለልሁ ለሁሉም ባቀርብ ይሻላል ወይስ ለየብቻ ልሣል?

መልስ 1 (ከመሐል ሜዳ)

ለየብቻ ቢሥሉ ይሻላል፤ ነገር ግን ክፍፍሉ በሰዎቹ የትምህርት ደረጃ ሳይሆን ሥዕሉን አይተው ሊወስኑት በሚገባቸው ጉዳይ ይሁን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት እያለ የሚቀጥለው የከተሞች ቅደም ተከተል ይበቃዋል፤ የጣርማ በርን ዋሻ የሚጠግን መሐንዲስ ግን በዚያ ዝርዝር ምንም አይሠራበትም። መንገዱ ያው አንድ ነው። የመንገደኛውን ወረቀት ግን ከመሐንዲሱ ወረቀት ላይ መሥመር በመቀነስ ማግኘት አይቻልም።

ኮሚቴው የሚወስነው ሲስተሙ ማንን እንደሚነካና ምን እንደሚቀይር ነው። ስለዚህ ሲስተሙን አንድ ሳጥን አድርገው፣ በዙሪያው አርሶ አደሩን፣ ተቀባይዋን፣ የሒሳብ ክፍሉንና ባንኩን ያስቀምጡ፤ የሶፍትዌር ባለሙያው ሳይመን ብራውን ሲ-ፎር ብሎ በሰየመውና አንድን ሲስተም ከሩቅ ወደ ቅርብ በአራት ደረጃ በሚያሳየው አሣሣል የመጀመሪያው ደረጃ ይህ ነው። የሳጥኑ ውስጥ የሚከፈተው በሁለተኛው ደረጃ ሲሆን፣ ሁለቱን ደረጃዎች አንድ ገጽ ላይ ማቀላቀል እርስዎ የገጠመዎትን ዓይነት ጸጥታ ያመጣል። ክላስ ዲያግራም የሚገኝበት የሶፍትዌር አሣሣል ቋንቋ፣ ዩኤምኤልም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1997 መመዘኛ ሆኖ ሲጸድቅ የታሰበው በዋናነት ሶፍትዌር ለሚሠሩ ሰዎች ነበር፤ 2.5 የተባለው ዕትሙ 14 ዓይነት ዲያግራም አለው፣ ከእነዚህ ውስጥ ክላስ ዲያግራምን ለኮሚቴ መምረጥ ቤት ለሚያሠራ ሰው የብረቱን ዝርዝር እንደማሳየት ነው።

የአዛውንቱን ጥያቄ ግን እንደ ቀልድ አያሳልፉት። በሥዕሉ ላይ ያዩት ስሕተት ቢሆንም የጠየቁት ነገር ትክክለኛ የንድፍ ጥያቄ ነው፤ ወተት አንድ ጣሳ ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ ውኃ የቀላቀለው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እሳቸውም ምዝገባው እንዲሁ እንዳይሆን ሰግተዋል። የፍተሻው ውጤት ወተቱ ከመደባለቁ በፊት በእያንዳንዱ አርሶ አደር ስም እንደሚመዘገብ ሥዕሉ ላይ መታየት አለበት።

መልስ 2 (ከሸዋ ሮቢት)

ከላይ የተሰጠው መልስ ጥሩ ነው፤ ሆኖም «ፕሮግራመር ላልሆነ ሰው ቀለል ያለ ሥዕል» የሚለው ልማድ ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ እንዳይሻገር እሰጋለሁ። የሒሳብ ሰው ከፕሮግራመሩ የበለጠ ዝርዝር የሚፈልግበት ቦታ አለ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ለአንድ መሥሪያ ቤት የክፍያ ሲስተም ስሠራ «መዝግብ፣ አጽድቅ፣ ክፈል» የሚሉ ሦስት ሳጥኖችን በቀስት አያይዤ ለሒሳብ ክፍሉ አሳየሁና ተስማማን። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተከፈለበት መዝገብ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ወዴት እንደሚመለስ ማንም አላሰበበትም ነበር፤ ያንን ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀብን። ሦስቱ ሳጥኖች ደስ የሚሉ ስለነበሩ ጥያቄው እንዲነሣ ዕድል አልሰጡም።

ስለዚህ ለእርሷ ስቴት ዲያግራም፣ ማለትም አንድ ነገር ከሁኔታ ወደ ሁኔታ ሲያልፍ የሚያሳይ ሥዕል ይሣሉ። የአንድ ጠዋት ምዝገባ «ተመዝግቧል»፣ «ሰርቨር ደርሷል»፣ «ጸድቋል»፣ «ተከፍሏል» በሚሉ ሁኔታዎች ሲያልፍ ያሳዩና፣ ከእያንዳንዱ ወደ ኋላ የሚመልስ ቀስት አለ ወይ ብለው አብረዋት ይጠይቁ። ተቀባይዋ 12 ሊትር ልትጽፍ 21 ብትጽፍና ከጸደቀ በኋላ ብትደርስበት ማን ያርመዋል? ከተከፈለ በኋላስ የቀድሞው ቁጥር ይሰረዛል ወይስ በሚቀጥለው 15 ቀን ተቀናሽ ይሆናል? የክፍያ ሁኔታዎቹ ከበዙ ደግሞ ዲያግራሙን ትተው ሠንጠረዥ ያቅርቡላት፤ የሒሳብ ሰው ዓይን ለዓምድና ለረድፍ የሠለጠነ ነው።

መልስ 3 (ከደብረ ሲና)

ለፕሮግራመሮቹ ሁለተኛውን የሲ-ፎር ደረጃ፣ ማለትም የስልኩን መተግበሪያ፣ ሰርቨሩንና ዳታቤዙን ለይቶ የሚያሳየውን አስቀድምላቸው። የዳታቤዙን ሠንጠረዦችና ግንኙነታቸውን ለማሳየት የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቀው የኢአር ዲያግራም ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ልትደክምበት የሚገባው ግን ማን ለማን ምን እንደሚልክ በቅደም ተከተል የሚያሳየው ሴኩዌንስ ዲያግራም ነው፤ ምክንያቱም የሥራችሁ አስቸጋሪ ክፍል ያለው በቅደም ተከተሉ ውስጥ ነው። ስልኩ የጠዋቱን ምዝገባ ይልካል፣ ሰርቨሩ ይቀበልና ያስቀምጣል፣ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ግን ኔትወርኩ ስለተቋረጠ ስልኩ ጋ አይደርስም። ስልኩ አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል፤ አርሶ አደሩም ላንድ ጠዋት ወተት ሁለት ጊዜ ሊከፈለው ነው። ክላስ ዲያግራም ላይ ይህ ጉድ ፈጽሞ አይታይም። ሴኩዌንሱን የጠፋውን መልስ ጨምረህ ብትሥለው ግን መፍትሔው ራሱ ይመጣል፦ እያንዳንዱ ምዝገባ ስልኩ ላይ ሲፈጠር የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ሰርቨሩም ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ አዲስ መዝገብ ሳይከፍት «ደርሶኛል» ብቻ ብሎ ይመልስ።

ሌላው የቀስት ነገር ነው። አንዱ ሰው ቀስትን መረጃ የሚፈስበት አቅጣጫ አድርጎ ሲያነብ፣ ሌላው ጥሪውን የሚጀምረው ማን እንደሆነ አድርጎ ያነባል። የሒሳብ ክፍሉ ከሰርቨሩ ሪፖርት ሲጠይቅ ጥሪው ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፣ መረጃው ግን ወደ ሒሳብ ክፍሉ ይመጣል። አንዱን ትርጉም ምረጥና በገጹ ጥግ ጻፈው። ቀስቱ ላይ «መረጃ» ብሎ መጻፍም ምንም አይናገርም፤ «የዕለቱን ሊትር ይልካል» ብትል ግን አንባቢው ግሡን ይዞ ባለቤቱንና ተቀባዩን ከሳጥኖቹ ያገኛል።

መልስ 4 (ከደብረ ብርሃን)

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የኮሚቴውን ሥዕል በወረቀት አትመው ይሂዱ። ማተሚያው ጥቁርና ነጭ ከሆነ በቀለም ብቻ የለዩት ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ የመሥመሩን ዓይነት ወይም ጽሑፉን ይለዩ።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የኮሚቴውን ሥዕል በእርሳስ እንደገና ጀመርሁት። ሲሊንደሩ ቀርቶ «የማኅበሩ መዝገብ» የሚል ሳጥን ሆኗል፤ ከተቀባይዋ በሚነሣው ቀስት ላይም «የእያንዳንዱን አርሶ አደር ሊትርና የፍተሻ ውጤት ትመዘግባለች» ብዬ ጻፍሁ። የስቴት ዲያግራሙን ግን አልጨረስሁትም፤ ከ«ተከፍሏል» ወደ ኋላ የሚመልሰው ቀስት ወዴት እንደሚሄድ እኔም እንደማላውቅ ስሥለው ነው የገባኝ። ስለዚህ ቀስቱን ሳልሥል፣ ቦታውን ክፍት ትቼ ለሒሳብ ሠራተኛዋ አቀርበዋለሁ። ስብሰባው ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት ግን አዛውንቱን ቤታቸው ሄጄ አዲሱን ወረቀት አስቀድሜ አሳያቸዋለሁ።