የልጁን አባት እንዴት ላናግራቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አካባቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከ12 ዓመት በታች የሆኑ 24 የሰፈር ልጆችን በነፃ ኳስ አሠለጥናለሁ። የአሠልጣኝነት ወረቀት የለኝም፤ ልጆቹን ግን ከልቤ እወዳቸዋለሁ።

የቸገረኝ ይኼ ነው። የአንዱ ልጅ አባት ባለፈው ክረምት ማሊያና አራት ኳስ ገዝተውልናል። እግዜር ይስጣቸው፣ ያኔ የነበረን አንድ የተላጠ አምስት ቁጥር ኳስ ብቻ ነበር፤ ለዚህ ዕድሜ ደግሞ የሚመከረው አነስ ያለው አራት ቁጥር ነው። አሁን ግን ልጃቸው ሁሌም አጥቂ ሆኖ ሙሉ ጨዋታ እንዲሰለፍ ይፈልጋሉ። እኔ ሁሉንም እያፈራረቅኩ ነው የማጫውተው። መቼም ተጠባባቂ ሆኖ ብቻ የሚውል ልጅ ከርሞ አይመጣም።

ባለፈው እሁድ ልጁን ስቀይረው አባትየው ከመስመር ዳር «ምን እያደረግክ ነው አንተ!» ብለው ጮኹብኝ። ሜዳው ጸጥ አለ። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም፤ የማሊያውን አንገት እየነከሰ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን አባቱ ባሉበት እግሩ ይተሳሰራል። እሳቸው ሲቀሩ ሌላ ልጅ ነው የሚሆነው።

በዕድሜ ታላቄ ናቸው፤ ውለታቸውም አለብኝ። ደፍሬ ብናገር «ኳሴን መልስ» ቢሉኝስ? ሌሎቹ 23 ልጆች በምን ይጫወታሉ?

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ አሠልጣኞችም ወላጆችም፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ቡና ጋብዤ ለብቻ ላናግራቸው፣ ወይስ ወላጆችን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ደንብ ላውጣ? ስለ ልጁ ጭንቀትስ ለአባት እንዴት ይነገራል? ቅዳሜ ሳይደርስ መልሱልኝ።