ክርክር፦ «ተመስገን» ብለን የምንደብቀው ችግር

የሒርማታዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ጅማ፣ ሒርማታ ሰፈር ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ፤ ስም ልተው። «እንዴት አደሩ?» ስላቸው ሁሌ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ!» ነው መልሳቸው። ባለፈው ሳምንት ቡና ጠርተውን አቦሉም ቶናውም በተመስገን አለፈ። በረካው ላይ ሊነሡ ሲሉ አዞራቸው። ለካ የደም ግፊት ክኒናቸው ካለቀ ሦስት ሳምንቱ ነው! ተናድጄ ነው የምጽፈው። ማመስገንን እንዲህ አጥብቀን የምናስተምር ሰዎች መናገርን ለምን አናስተምርም? ምስጋናችን የችግር መሸፈኛ ሆኗል እላለሁ። ተከራከሩኝ።

ሰንበት ተማሪ፦
እህቴ፣ ጥፋቱ የምስጋናው አይደለም። በቅዳሴ የሚጸለየውን የምስጋና ጸሎት፣ ጸሎተ አኮቴትን አስቢው። «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» (በጎ ያደረገልንን እናመስግነው) ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን ሲቆጥር ሀብት የሚባል አያነሣም። ሠወረነ፣ ረድአነ፣ ዐቀበነ (ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን) እያለ ሄዶ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን ይላል። ክኒን ያለቀባቸው እናት ይህን ቢሉ ምኑ ላይ ዋሹ? አድረው ተነሥተዋል።

የሒርማታዋ፦
ዋሹ አላልኩም። ግን እኔ የጠየቅኩት ጤናቸውን ነበር።

የወጣቶች ኅብረት፦
1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18 «በሁሉ አመስግኑ» ነው የሚለው፤ «ስለ ሁሉ» አይልም። በሽታ ላይ ሆነህ አመስግን እንጂ ስለ በሽታው አመስግን አላለም።

ሰንበት ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ኤፌሶን 5፥20ን ዘለልከው። እሱ «ሁልጊዜ ስለ ሁሉ» ይላል።

የወጣቶች ኅብረት፦
ያዝከኝ። እሺ፣ ሁለቱንም የጻፈው ጳውሎስ ራሱ እንዴት እንደኖረው እንይ። ሐዋርያት ሥራ 16፣ ፊልጵስዩስ። ከሲላስ ጋር ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ መንፈቀ ሌሊት ላይ ይዘምራሉ። ይህን ሁላችንም ሰብከነዋል። ሲነጋ ግን ገዢዎቹ «ፍቷቸው» ብለው ሲልኩ ጳውሎስ ተመስገን ብሎ ሹልክ አላለም። የሮም ዜጎች ነን፣ ሳይፈረድብን በሕዝብ ፊት ገርፈውን አሁን በስውር ሊያስወጡን? ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጡም፤ ለመኗቸውም። ሌሊት የዘመረውና ጠዋት አቤት ያለው ያው አንድ ሰው ነው። እኛ የሌሊቱን ይዘን የጠዋቱን ጣልነው።

ሰንበት ተማሪ፦
ይሄኛውን አልከራከርህም። ኢዮብም ቢሆን ምዕራፍ 1 ላይ የባረከ አፍ ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ረግሟል።

የመርካቶው ጎረቤት፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ጓደኛዬ ነው ያስገባኝ፤ ካስቸገርኩ ውጣ በሉኝ 😄 እናቴ ጥርሷን አሟት ሌሊቱን ሙሉ አልሐምዱሊላህ ስትል አድራ፣ ጠዋት ጉንጯ አብጦ አገኘናት። ይሄ የጅማ እናቶች ጉዳይ ነው የሚመስለኝ።

ቡና አምራች፣ ከአጋሮ፦
ልጆች፣ ጥቅስ ትወራወራላችሁ። ቡና አንድ ዓመት ያዝላል፣ በሚቀጥለው ያርፋል። ባረፈበት ዓመት «ቡናው እንዴት ነው?» ስባል ተመስገን ነው የምለው። እውነቱን ብናገር ጠያቂው ምን ሊያደርግልኝ ነው? ወሬውን ይዞ ገበያ ይወጣል። እኒያ እናት ከእግዚአብሔር የደበቁት ነገር የለም። የደበቁት ከእኛ አፍ ነው። «ምን ጎደለዎት?» ብላ በጓዳ የጠየቀቻቸው አለች?

የሒርማታዋ፦
የለችም፣ ጋሼ። እኔም አልጠየቅኩም። በር ላይ ቆሜ «እንዴት አደሩ» ብዬ መልሱን ሳልሰማ ነበር የማልፈው።

ሰንበት ተማሪ፦
ታዲያ አሁንስ?

የሒርማታዋ፦
ዛሬ ጠዋት ገብቼ ተቀመጥኩ። «ተመስገን» አሉኝ። እኔም «ተመስገን፤ ክኒኑስ?» አልኳቸው። ሳቁና ባዶውን ፓኬት ከትራስ ሥር አውጥተው ሰጡኝ።