ካርቦሃይድሬት አቆምኩ፤ ኪሎዬ ወርዶ ቆመ፣ የጠዋት ስኳሬ ግን ለምን ጨመረ?

ባዩሽ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ቢገባኝ ነው። ከሁለት ወር በፊት ስመረመር በባዶ ሆድ ስኳሬ 104 ሆነ። ሐኪሙ «ሰውነትሽ ኢንሱሊን፣ ስኳርን ከደም ወደ ሴል የሚያስገባውን ሆርሞን፣ አልሰማ እያለ ነው፤ ክብደት ቀንሺ» አለኝ። መድኃኒት አላዘዘልኝም። ቤት ስገባ ዳቦውን፣ ሩዙን፣ ፓስታውን፣ ድንቹን በአንድ ቀን ተሰናበትኩ። በአሥር ቀን 4 ኪሎ! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም፤ ይኸው ስድስተኛ ሳምንቱ። ትናንት ጠዋት በቤት መለኪያ ስለካ ደግሞ 112 አለ። ካርቦሃይድሬት ሳልበላ ስኳሩ ከየት መጣ? ልቀጥል ወይስ ልተወው?

አሮጌው ሯጭ፦
ባዩሽ፣ ደስታሽን ላበላሽብሽ ነው፤ ይቅርታ። ያ 4 ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው። ትርፍ ግሉኮስ (ስኳር) በግላይኮጅን መልክ ይቀመጣል፤ ጉበት ውስጥ 100 ግራም፣ ጡንቻ ውስጥ ደግሞ 400 ግራም ገደማ። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ካርቦሃይድሬት ስታቆሚ ማከማቻው ይራቆታል፣ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ኢንሱሊን ሲወርድ ደግሞ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይለቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ሽንት አላመላለሰሽም? ስለዚህ አንድ ቀን ዳቦ በልተሽ በማግስቱ አንድ ኪሎ ብትጨምሪ አትደንግጪ። ስብ በአንድ ሌሊት አይመጣም።

ጥቁር ቡና፦
ነገሩ ቀላል ነው። ካርቦሃይድሬት ኢንሱሊንን ያስነሳል፣ ኢንሱሊን ስብን ይቆልፋል። እኔ በቀን ከ20 ግራም በታች ነው የምበላው፤ 11 ኪሎ ጥያለሁ። አሁንም የደበቅሽው ስኳር አለ። ፈልጊው።

የላብራቶሪው ልጅ፦
ስለ 112ቱ እኔ ልመልስ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። አንደኛ፣ የቤት መለኪያ ከላብራቶሪ ውጤት እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ደረጃው ይፈቅድለታል። 104 የላብራቶሪ ነው፣ 112 የጣት። ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ባትበዪም ጉበትሽ ሌሊቱን ስኳር ይሠራል። ሊነጋጋ ሲል እንደ ኮርቲሶል ያሉ ሆርሞኖች ከፍ ስለሚሉ የጠዋቱ ቁጥር ይጨምራል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ካርቦሃይድሬት በጣም ሲያንስ ጡንቻ ስብ ማቃጠል ይለምዳል፣ ያለውን ግሉኮስ ለአንጎል ይተዋል፤ ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ይሄ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ስብ ተከማችቶ ኢንሱሊን አልሰማ ሲሉ ከሚመጣው ችግር ይለያል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። አሁን ባለሽበት ሁኔታ ያንን የግሉኮስ መጠጥ ጠጥተሽ የሚደረገውን ምርመራ እንዳታደርጊ። ሳይኖርብሽ የስኳር ሕመም አለብሽ ሊልሽ ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 3 ቀን፣ በቀን 150 ግራም ካርቦሃይድሬት መብላት ይመከራል። የሚሻልሽ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር (HbA1c) መለካት ነው። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ ቅድመ ስኳር ይባላል።

ሲስተር፦
ጥቁር ቡና ግማሹን ልክ ነው። ኢንሱሊን ከምግብ በኋላ የስብ መቃጠልን ይገታል። ግን የቀኑን ሒሳብ የሚወስነው እሱ ብቻ አይደለም። በ2018 የወጣ የስታንፎርድ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ ተከታትሏል፤ ግማሹ ከምግቡ ስብ ቀነሰ፣ ግማሹ ካርቦሃይድሬት። በአማካይ 5.3 እና 6.0 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። መጀመሪያ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጩ የነበሩትም ካርቦሃይድሬት በመቀነስ የተለየ ጥቅም አላገኙም።

ባዩሽ፣ ያወጣሽውን ነግረሽናል። በምትኩ ምን አስገባሽ?

ባዩሽ፦
እንቁላል፣ ሥጋ፣ አይብ፣ ሰላጣ። ሲርበኝ ለውዝ እዘግናለሁ። ቆጥሬው አላውቅም፤ ካርቦሃይድሬት የለውም ብዬ።

ሲስተር፦
እስኪ አንድ ጭብጥ መዝኚው።

ባዩሽ፦
የወጥ ቤት ሚዛን ተውሼ መዘንኩት። 62 ግራም! በቀን ሦስቴ ሳልዘግን አልውልም።

ሲስተር፦
አንዱ ጭብጥ 360 ካሎሪ ገደማ ነው። ሦስቱ ከሺህ በላይ። ስብ በግራም 9 ካሎሪ አለው፣ ካርቦሃይድሬት 4። ለውዝ መጥፎ አይደለም፤ ግን ያቆምሽውን ዳቦ በሙሉ መልሶብሻል። ትንሽ ሰሃን ላይ ለክተሽ ብዪ፣ ከከረጢቱ አትዝገኚ።

አሮጌው ሯጭ፦
እኔ ደግሞ እግርሽን ልቀስቅስ። ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም የግሉኮስ በሩን ይከፍታል። ከምግብ በኋላ 15 ደቂቃ መራመድ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። በ2002 የታተመው የአሜሪካ የስኳር መከላከል ጥናት ላይ የተሰጠው ግብ ክብደትን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በስኳር የመያዝ ዕድሉ 58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት ላይ 31። ማንም ዳቦ አልተከለከለም።

ባዩሽ፦
ታዲያ ምስርና ባቄላ ልመልስ?

የላብራቶሪው ልጅ፦
መልሺ። ቃጫ ስላላቸው ስኳራቸው በዝግታ ነው የሚገባው። ቆርጠሽ መጣል ያለብሽ ለስላሳ መጠጥና ጁስ ነው። ሩዝ ስትበዪ ደግሞ ከአትክልቱና ከእንቁላሉ ጀምሪ፣ ሩዙን መጨረሻ። የስኳሩ ጫፍ ዝቅ ይላል።

ጥቁር ቡና፦
እኔ በዚሁ እቀጥላለሁ፣ ተስማምቶኛል። ለውዙን ግን ልመዝን ነው።

የቤቱ ልጅ፦
ጣልቃ ልግባ። እናቴ ኢንሱሊን ትወጋለች። እሷም ካርቦሃይድሬት ታቁም?

ሲስተር፦
ሐኪሟን ሳታናግር በፍጹም! ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው መጠኑ ሳይስተካከል ምግቡን ድንገት ቢቀንስ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጀመሪያ መድኃኒቱ ይስተካከል፣ ከዚያ ሰሃኑ።