ልጅ ንቅለ ተከላ ሲያስፈልገው የት እንደውል? የድጋፍ ድርጅቶች ጥቆማ

«ልጃችን የጉበት ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል ተባልን። ጎፈንድሚ እንክፈት ወይ?» አሜሪካ ካለው ወገናችን ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የኔ ምክር ጎፈንድሚውን (የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያውን) ለጊዜው አቆዩት ነው። መጀመሪያ ገንዘቡን በራሱ ስም ተቀብሎ የልጁን ወጪ የሚከፍል በጎ አድራጎት ድርጅት ጋ ደውሉ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በእናንተ ስም የተሰበሰበ ገንዘብ በሕግ ፊት የእናንተ ገንዘብ ነው። በጠና የታመመ ልጅ ደግሞ፣ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ኤስኤስአይ የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ያገኛል። ኤስኤስአይ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው ተቀማጭ 2,000 ዶላር ብቻ ነው። የወላጆችም ገንዘብ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ለልጁ እንደ ተቀማጭ ይቆጠራል። እንግዲህ ሰው ተረባርቦ 40,000 ዶላር ቢያዋጣና በአባትየው ሒሳብ ቢገባ አስቡት። ድጎማው ሊቆም ይችላል። በብዙ ስቴቶች ሜዲኬይዱ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ከኤስኤስአይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እሱም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። የንቅለ ተከላ ሂሳብ ደግሞ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ በመዋጮ የሚተካ አይደለም። በገቢ መስፈርት ብቻ ሜዲኬይድ የሚያገኝ ልጅ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ተቀማጭ ገንዘብ አይታይም። የእናንተ ልጅ በየትኛው እንደገባ ለማወቅ የንቅለ ተከላ ማዕከሉን ሶሻል ወርከርና የፋይናንስ አስተባባሪ ጠይቁ።

ስትጠይቁ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ በሉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንግሊዝኛችሁ ለሥራ የሚበቃ ቢሆንም እንኳ የኢንሹራንስ ቋንቋ ሌላ ነው። ታላቅ እኅቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን አታስተርጉሙ። ልጅ ሊሸከመው የሚገባ ወሬ አይደለም።

ለልጅ ከሆነ ቀዳሚ ምርጫዬ ኮታ ነው። ሙሉ ስሙ ቺልድረንስ ኦርጋን ትራንስፕላንት አሶሲዬሽን ይባላል። የሚገኘው ኢንዲያና ስቴት ብሉሚንግተን ከተማ ሲሆን የተቋቋመው በ1986 ነው። የከተማው ሰዎች ለአንድ ሕፃን የጉበት ንቅለ ተከላ ገንዘብ ሰበሰቡ፤ ሕፃኑ ግን ንቅለ ተከላው ሳይደርስለት አረፈ። ያ ገንዘብ ለሌሎች ልጆች መርጃ እንዲሆን ተወሰነና ድርጅቱ ተመሠረተ። ኮታ በልጁ ስም ከተሰበሰበው ላይ ለአስተዳደር ብሎ አይቀንስም። ቤተሰቡንም የአገልግሎት ክፍያ አይጠይቅም። ለዘመቻው ድረ ገጽ ያዘጋጃል፤ በጎ ፈቃደኞቻችሁንም እንዴት እንደሚሰበስቡ ያሠለጥናል።

እኔ ከሁሉ የምወድለት ግን ገንዘቡ የሚቆይ መሆኑን ነው። ንቅለ ተከላ ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ አያልቅም። ሰውነቱ አዲሱን አካል እንዳይገፋው ልጁ እንደ ታክሮሊመስ ያለ መድኃኒት በየቀኑ፣ ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። የደም ምርመራው አይቋረጥም። ትንሽ ትኩሳት እንኳ ወደ ሆስፒታል ያስሮጣል። ኢንሹራንስ ሲቀየር ኮፔዩ (ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻ) ይቀየራል። ሰው የሚያዋጣው ግን ወሬው ትኩስ ሳለ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ «ለመድኃኒት አዋጡልን» ብሎ መዞር ለወላጅ እጅግ ከባድ ነው። ኮታ ዘንድ የተቀመጠው ገንዘብ ያን ጊዜም አለ። ከንቅለ ተከላው ጋር የተያያዘ ወጪ ሲመጣ ደረሰኝ አቅርባችሁ ይከፈላል።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ገንዘቡን እንደፈለጋችሁ አታወጡትም። የመኪናው ጎማ ለፈነዳበት፣ ለምሳ ገንዘብ ላጠረው፣ ዛሬውኑ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ለሚፈልግ ሰው ፈጣን መፍትሔ አይደለም። ደግሞም ሰብሳቢዎቹ እናንተ ናችሁ። ድርጅቱ ቼክ ጽፎ የሚሰጥ ለጋሽ አይደለም። ስለዚህ ልጁ አልጋ ላይ እያለ የሚሮጥላችሁ አራት አምስት የታመነ ሰው ያስፈልጋል። ይሄን በተመለከተ ሀበሻ አይታማም።

ልጃችሁ 21 ዓመት ካለፈው ሌሎቹን እዩ። ሄልፕ ሆፕ ላይቭ ፔንስልቬንያ የሚገኝ፣ በ1983 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ንቅለ ተከላ ብቻ ሳይሆን ከባድ የአካል ጉዳት የደረሰባቸውንም ይረዳል። ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ትራንስፕላንትስ ደግሞ ሜምፊስ፣ ቴነሲ ነው። ሁለቱም ገንዘቡን በራሳቸው ስም ይይዛሉ፤ ዕድሜም አይገድቡም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ከተሰበሰበው ስንት በመቶ ለአስተዳደር እንደሚቀነስ፣ የትኛው ወጪ እንደሚከፈልና ደረሰኝ ከገባ በኋላ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል አስልኩት።

አዋጪው ሕዝብም የራሱ ጥያቄ አለው። «ልጁን እግዜር ይጠብቀው እንጂ፣ አንድ ነገር ቢሆን ገንዘቡስ?» ይላል። ጥያቄው ነውር የለውም፤ ቀድማችሁ መልሱለት። ለነዚህ ድርጅቶች የተሰጠ ገንዘብ በሕግ የድርጅቱ ነው። ለቤተሰቡ አይመለስም፤ ሌላ ታማሚ ይረዳበታል። ይሄን በመዋጮው ቀን በግልጽ የተናገረ ኮሚቴ በኋላ ሐሜት አይነሣበትም።

ጎፈንድሚን ማጥላላቴ አይደለም። ፈጣን ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቀነሳል። ነገር ግን ለግለሰብ የተሰጠ ስለሆነ ሰጪው ከታክስ ላይ አይቀንሰውም። ብዙ አሠሪዎች ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል ጨምረው ይሰጣሉ፤ ይሄም የሚሠራው ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ሲሆን ነው። ትልልቅ ኩባንያ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ባሉበት ማኅበረሰብ ይሄ ትልቅ ገንዘብ ነው። ልጁ ኤስኤስአይ ከሌለው፣ ቤተሰቡም የግል ኢንሹራንስ ካለው፣ ጎፈንድሚ ለኪራይና ለነዳጅ ጥሩ አማራጭ ይሆናል።

የለመድነው ግን በአባትየው ስልክ ዜል ማድረግ (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ መላክ) ነው። ይሄንን ልማድ እንተው። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ የሚዋጣው ቼክ በድርጅቱ ስም ይጻፍ፤ የማስታወሻው መስመር ላይ የልጁ ስም ይግባ። ምግብ ግን አትቁጠሩ። ከመስከረም 30፣ 2024 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ኤስኤስአይ ሰው ያመጣላችሁን ምግብ ከድጎማው ላይ አይቀንስም። እንጀራውም ወጡም ያለ ስጋት ይምጣ። ኪራይ መክፈል ግን አሁንም ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዘመድ ኪራያችሁን ሊከፍል ሲነሣ መጀመሪያ ሶሻል ወርከሩን አማክሩ።

ማደሪያን በተመለከተ ብዙ ማወዳደር አያስፈልግም። ሮናልድ ማክዶናልድ ሃውስ የመጀመሪያ ጥሪያችሁ ይሁን። የመጀመሪያው ቤት በ1974 ፊላደልፊያ ተከፈተ፤ ዛሬ በትልልቅ የሕፃናት ሆስፒታሎች አጠገብ አለ፣ ዋሽንግተን ዲሲንም ባልቲሞርንም ፒትስበርግንም ጨምሮ። ክፍያው በጣም ትንሽ ነው ወይም የለም፤ መክፈል ያልቻለ አይመለስም። የጋራ ኩሽና ስላለው ልጁ የለመደውን ምግብ ማብሰል ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ ሞልቶ ስለሚገኝ ቀኑ ሳይደርስ በሆስፒታሉ በኩል ተመዝገቡ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ሐኪሞቹ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከሆስፒታሉ እንዳትርቁ ይላሉ። ከሌላ ስቴት የመጣ ቤተሰብ በሆቴል ይሄን አይችለውም።

አሁን ብዙዎች የማያውቁትን ልንገራችሁ። ለትንሽ ልጅ የጉበት ንቅለ ተከላ ብዙ ጊዜ እናት ወይም አባት ከጉበታቸው ቁራጭ ሊሰጡ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው በ1989 ቺካጎ ነው፤ እናት ለልጇ ሰጠች። የሰጪው ጉበት በሳምንታትና በወራት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። የሰጪው ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው በተቀባዩ ኢንሹራንስ ይሸፈናል። የማይሸፈነው ሥራ ያልተገባበት ቀን ነው። ኡበር የሚነዳ አባት ካልነዳ አይከፈለውም። ለዚህ ናሽናል ሊቪንግ ዶነር አሲስታንስ ሴንተር የሚባል በፌዴራል መንግሥት የሚደገፍ ፕሮግራም አለ። ለጉዞ፣ ለማደሪያ፣ ለቀረ ደመወዝና ለሌሎቹ ልጆች ጥበቃ እስከ 6,000 ዶላር ይሰጣል። የተቀባዩ ቤተሰብ ገቢ ይታያል። ማመልከቻው በንቅለ ተከላ ማዕከሉ በኩል ይገባል፤ መፈቀድ ያለበትም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው አይከፍሉም። በራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ የታክስ ወረቀታችሁን አሰናዱ።

ኩላሊት ከሆነ ደግሞ አሜሪካን ኪድኒ ፈንድ ጋ ሞክሩ። በ1971 ጓደኛሞች የአንድ የዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ታካሚን ሂሳብ ለመክፈል ተሰባስበው የጀመሩት ነው። ቢሮው ሮክቪል ሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። ዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው የኢንሹራንስ ክፍያ ያግዛል፤ አነስተኛ የድጋፍ ገንዘብም አለው። ሜዲኬር የሚባለው የፌዴራል የጤና ኢንሹራንስ ለኩላሊት ድካም ልጆችንም ይሸፍናል፤ ይህ ሽፋን ከንቅለ ተከላው 36 ወር በኋላ ያበቃል። ከ2023 ጀምሮ ግን ሌላ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚወሰደውን መድኃኒት ብቻ የሚሸፍን ቀጣይ ፕሮግራም አለ። ቀኑን በካላንደር ምልክት አድርጉበት።

አዲስ አበባ ያለ ልጅ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኮታና መሰሎቹ የሚያገለግሉት አሜሪካ ያለን ታካሚ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ ሰጪው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ለጉበት ግን ብዙው ቤተሰብ ወደ ሕንድ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጎፈንድሚ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ገንዘብ ማውጣት ስለማይቻል አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ የቅርብ ዘመድ ይክፈተው። የሕክምና ቦርድ ማስረጃውንና የሆስፒታሉን የዋጋ ግምት አስቀድማችሁ ያዙ። ሰጪና ተቀባይ ዘመድ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የኤምባሲ ደብዳቤ ሕንድ ውስጥ ይጠየቃል፤ የልደት ሰርተፊኬቶቹን ከወዲሁ አስተካክሉ። አገር ቤት የሚሰበሰበውን በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ አስገቡ። ክፍያውንም ከተቻለ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ላኩ።

ገንዘብ የሌላችሁ ወጣቶች ደግሞ መቅኔ ልትሰጡ ትችላላችሁ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ለሚፈልግ ልጅ የሚገጥም ሰው የሚገኘው በብዛት ከራሱ የዘር ሐረግ ነው። የአሜሪካው የመቅኔ ሰጪዎች መዝገብ ኤንኤምዲፒ፣ ቀድሞ ቢ ዘ ማች የሚባለው፣ ለጥቁር ታካሚ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ሰጪ የመገኘት ዕድሉ 29 በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ለነጭ ታካሚ 79 በመቶ ነው። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 40 ከሆነ ጥጥ የተጠቀለለበት ዘንግ በፖስታ ይልኩላችኋል። ጉንጫችሁን ከውስጥ አሽታችሁ መልሳችሁ ትልካላችሁ፤ አያስከፍልም። የመዋጮ ቀን የምታዘጋጁ ኮሚቴዎች የምዝገባ ጠረጴዛ አብሯችሁ እንዲኖር ኤንኤምዲፒን አስቀድማችሁ አነጋግሩ።