በአኒማል ፋርም የእንግሊዝኛ ቃላት እየተማርኩ ነበር፣ ግን ምዕራፍ ሦስት ላይ ቆሜ ቀረሁ

የጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ የጆርጅ ኦርዌልን አኒማል ፋርም ይዣለሁ። አሥር ምዕራፍ ብቻ ነው ተብዬ ነው የጀመርኩት፣ እውነትም ቀጭን መጽሐፍ ነው። ማታ ከሥራ ስገባ ደብተር ከፍቼ የማላውቀውን ቃል ሁሉ በግራ፣ ፍቺውን በቀኝ እጽፋለሁ፣ እና አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሰዓት ይፈጅብኛል። አሁን ከሁለት መቶ በላይ ቃል ደርሷል። ትናንት ታናሽ እህቴ ደብተሩን ቀምታኝ ሃያ ቃል ጠየቀችኝ። የመለስኩት አራት ነው። ሆዴ ባባ። ታሪኩም ተበጣጠሰብኝ፣ ማን ምን እንዳለ ጠፍቶኛል። ደግሞ ትሮተር የአሳማ እግር መሆኑን ማወቅ ለቢሮ ሥራ ለምወዳደር ሰው ምን ይሠራልኛል? ልተወው ወይስ ልቀጥል? የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ እንዳትተዪው። ያስቸገረሽ ደብተሩ ነው እንጂ መጽሐፉ አይደለም። ምዕራፍ ሁለትን አስታውሺ። እንስሳቱ የእርሻውን ባለቤት ሚስተር ጆንስን ካባረሩ በኋላ የፈረስ ዕቃ የሚቀመጥበትን ክፍል ሰብረው ይገባሉ። ቢት ጉድጓድ ውስጥ ይወረወራል፣ ሬይንስና ብሊንከርስ እሳት ውስጥ ይገባሉ፣ አለንጋው ሲቃጠል በደስታ ይፈነጥዛሉ። የጋሪ ፈረስ አይተሽ የለ? ቢት አፉ ውስጥ ያለው የልጓሙ ብረት ነው፣ ሬይንስ ባለጋሪው የሚይዘው ዛብ ነው፣ ብሊንከርስ ደግሞ ጎንና ጎኑን እንዳያይ ዓይኑ አጠገብ የሚደረግለት። ነገ መንገድ ላይ ጋሪ ስታዪ ከፈረሱ አፍ ጀምረሽ እስከ ባለጋሪው እጅ በእንግሊዝኛ ጥሪው። አይጠፋሽም።

የእርሻ ቃል ምን ይሠራል ላልሽው የራሴን ልንገርሽ። ቆዳ ፋብሪካ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ሃይድ የከብት ቆዳ ነው፣ ስኪን የበግና የፍየል፣ ሁለቱን ማምታታት አይቻልም። ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ቦክሰር፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ ሲለፋ የኖረው ፈረስ፣ ታሞ ሊታከም ነው ተብሎ በተዘጋ ጋሪ ይጫናል። አህያው ቤንጃሚን ግን ጋሪው ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፦ ፈረስ አራጅ፣ ሙጫ አፍይ፣ የሃይድ ነጋዴ። ሃይድስ የምትለዋ ላይ ስደርስ አንጀቴ ተላወሰ። በየቀኑ በእጄ የምነካው ነገር ነው።

ጡረተኛ መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ ረጅም ዘመን እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁና ትንሽ ልጨምርልሽ። ይህ መጽሐፍ ራሱ የቃል ነገር ነው። በ1945 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲወጣ የሩሲያን አብዮትና ስታሊንን በእንስሳት አስመስሎ የተረከ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው እንስሳቱ የሚጠራሩበትን ኮምሬድ የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ አይፈልግም። ጓድ ነው። ደርግን የኖረ ሰው ቃሉን ከነድምፁ ነው የሚሰማው።

ለቢሮ የሚሆን ቃል ብለሽ የለ? ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ የእንስሳቱ ቀለብ ይቀነሳል። ስኩዊለር የሚባለው አሳማ ግን አንድም ቀን ሪደክሽን አይልም፣ ሪአድጀስትመንት ነው የሚለው። ሪደክሽን ቅነሳ ነው፣ ሪአድጀስትመንት ማስተካከያ። እኛስ «የታሪፍ ማስተካከያ ተደረገ» ሲባል ኪሳችንን አይደል የምንዳብሰው? ይህን ሳልነግራቸው ቃሉን ያስጠናኋቸው ተማሪዎች ረሱት፣ የነገርኳቸው ግን መንገድ ላይ አስቁመው ያነሱልኛል።

ምዕራፍ ስድስት ስትደርሺ ደግሞ ቀስ በዪ። አሳማዎቹ አልጋ ላይ መተኛት ጀምረዋል ተብሎ ይሰማል። ፈረሷ ክሎቨር እንስሳቱ ጆንስን ካባረሩ በኋላ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ሕግ ይህን የሚከለክል ይመስላታል፣ ግን ፊደል ለይታ ቃል መግጠም አትችልም። ስለዚህ ፍየሏን ሙሪየልን አንብቢልኝ ትላታለች። ሙሪየል እየተንተባተበች ታነባለች፦ ማንም እንስሳ አልጋ ላይ አይተኛም፣ ዊዝ ሺትስ። አንሶላ በተነጠፈበት ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት ቀድሞ አልነበሩም። ዊዝ የምትለዋን እንደ ቀላል ቃል አትለፊያት፣ ሕጉን የገለበጠችው እሷ ናት።

አንባቢ ነኝ (ኮምቦልቻ)

እኔ ግን ደብተሩን አትጣዪው እላለሁ። ብዛቱን ቀንሺ። መጀመሪያ ምዕራፉን ያለ መዝገበ ቃላት አንብቢው፣ ከዚያ ታሪኩን ያስቸገሩሽን አምስት ቃላት ብቻ ያዢ፣ ከነዓረፍተ ነገራቸው ጻፊያቸው። ፍቺ ብቻውን አይበቃም። ቦክሰር ራሱ ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ አንቺ የቆምሽበት ማለት ነው፣ ኢ ኤፍ ጂ ኤችን ሲያጠና ኤ ቢ ሲ ዲ ይጠፋበታል። በመጨረሻ አራቷን ያዘና በየቀኑ አንዴ ሁለቴ በኮቴው አቧራ ላይ ይጽፋቸው ነበር። ያቺን ቦታ ሳነብ እንባዬ መጥቷል።

የጦሳ ሥር (ደሴ)

አላህ ይስጣችሁ። ጋሼ መምህር፣ የታሪፍ ማስተካከያዋን ለእህቴ ነግሬያት ሪአድጀስትመንትን ከኔ ቀድማ ያዘች። ዛሬ ሰኞ ገበያ በኩል ስመለስ አንድ ጋሪ ቆሞ ነበር። ቢት፣ ሬይንስ፣ ብሊንከርስ እያልኩ በሆዴ ቆጠርኩ፣ ሦስቱም መጡልኝ። ማታ ምዕራፍ ሦስትን ያለ ደብተር እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት፣ የቦክሰር ፊደል የነበረው ገጽ ላይ ነው ያቆምኩት። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ሁፍ እና ትሮተር ሁለቱም ኮቴ ናቸው ወይስ ልዩነት አላቸው?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሁፍ ኮቴው ነው፣ የፈረስም የላምም። ትሮተር የአሳማው እግር ነው፣ ኮቴውን ጨምሮ። ለዚህ ነው አሳማው ስኖውቦል የቀለም ብሩሹን በትሮተሩ ሁለት አንጓዎች መካከል ይዞ የጻፈው። ምዕራፍ ሁለት ተመለሺና እያት።